ለንደን ሦስት ጊዜ ስትደግስ

ድግስ የደገሰ ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው እንግዳውን ማብላትና ማጠጣት ነው። ሁለተኛውን ማንም በአፉ አይናገረውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ዘመዱ ስንት እንደሆነ፣ ኪሱ ምን ያህል እንደሚችል ለጎረቤት ማሳየት ነው። ከሠርግ በኋላ ለወራት የሚወራው ስለ ወጡ ጣዕም አይደለም። ማን ተጠራ፣ ማን ቀረ፣ ማን ከፊት ተቀመጠ፣ ማን ከዳስ ውጭ ቆሞ ዋለ ነው ወሬው።

አገርም ስትደግስ እንደዚሁ ናት። የኦሊምፒክን ድግስ ለሦስተኛ ጊዜ የደገሰች የመጀመሪያዋ ከተማ ለንደን ናት። በ1908፣ በ1948 እና በ2012። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ፓሪስ በ2024 ደርሳባታለች። እኔ ግን የለንደንን ሦስት ድግሶች ጎን ለጎን ማየት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በሦስቱም ጊዜ ደጋሹ በራሱ ይኮራ ነበር፤ የሚኮራበት ነገር ግን አንድ አልነበረም።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። እኛ «እንግሊዝ» ስንል ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከትተን ነው። ስኮትላንዱንም፣ ዌልሱንም፣ የሰሜን አየርላንዱንም «እንግሊዝ» እንለዋለን። ስኮትላንዳዊ ፊት እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ አይቶ ይሆናል። ይኼ የእኛ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ራሳቸው እንግሊዞቹም ለብዙ ዘመን «እንግሊዝ» እና «ብሪታንያ» የሚሉትን ቃላት እንዳሻቸው ያለዋውጧቸው ነበር። ነገሩ ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን እዚህ ላይ ይቀመጥልኝ።

የመጀመሪያው ድግስ መጀመሪያ የለንደን አልነበረም። የ1908ቱ ኦሊምፒክ የተሰጠው ለሮም ነው። በ1906 አፕሪል ላይ ግን ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በኔፕልስ አካባቢ ብዙ ጥፋት አደረሰ፤ ቀድሞውንም ኪሷ የሳሳው ኢጣሊያ ድግሱን ተወችው። እንግሊዞች ተረከቡት። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ፀሐይ የማይጠልቅበት የሚባልለት ነው፤ ሁለት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ምናቸው ነው! ሼፐርድስ ቡሽ በተባለው የምዕራብ ለንደን ሰፈር፣ ኋይት ሲቲ የተባለውን፣ ከ60 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ገትረው አቆሙት።

ስታዲየሙ ብቻውን አልቆመም። አጠገቡ የእንግሊዝና የፈረንሣይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር። ሁለቱ መንግሥታት የፋብሪካቸውን ውጤትና የቅኝ ግዛታቸውን ሀብት ያሳዩበታል። ከሚታዩት ነገሮች መካከል «የአየርላንድ መንደር» እና «የሴኔጋል መንደር» የሚባሉ ነበሩ። ሰዎች ከነጎጆአቸው ተቀምጠው፣ ተመልካች ከፍሎ እየገባ ይጎበኛቸዋል። እንግዲህ የዚያን ጊዜው ኩራት ይኼ ነው፤ የባለ ርስት ኩራት። «ይኼን ሁሉ የያዝኩት እኔ ነኝ» የሚል።

ባለ ርስት ደግሞ እንግዳ ሲጠራ ሕጉንም ራሱ ያወጣል። በ1908 ዳኞቹ በሙሉ እንግሊዞች ነበሩ። ጠቡ የጀመረው ገና ውድድሩ ሳይጀመር፣ በባንዲራ ነው። ጁላይ 13 ቀን ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ውድድሩን ሲከፍቱ በስታዲየሙ ዙሪያ ከተሰቀሉት ባንዲራዎች መካከል የአሜሪካና የስዊድን አልነበሩም። እንግሊዞቹ አጣን አሉ። አሜሪካኖቹ አላመኑም። በሰልፉ ላይ የአሜሪካንን ባንዲራ የያዘው ግዙፉ የአሎሎ ወርዋሪ ራልፍ ሮዝ እንደ ሌሎቹ በንጉሡ ፊት ባንዲራውን ዝቅ አላደረገም ተባለ። ፊንላንዶች ያን ጊዜ በሩሲያ ሥር ስለነበሩ የሩሲያን ባንዲራ ከመያዝ ባዶ እጃችንን እንሰለፋለን ብለው ያለ ባንዲራ አለፉ። የአየርላንድ አትሌቶች በብሪታንያ ስም ነው የሚሮጡት። አያችሁ? ገና አንድ ሰው አልሮጠም፤ የባንዲራው ነገር ብቻ የዓለሙን ፖለቲካ ዘርግፎ አወጣው።

ከዚያ የ400 ሜትር ፍጻሜ መጣ። አራት ሯጮች፤ ሦስቱ አሜሪካኖች፣ አንዱ የብሪታንያው ሌተናንት ዊንድሃም ሃልስዌል። የየራስ መስመር የሚባል ነገር አልነበረም። በመጨረሻው ላይ ካርፔንተር የተባለው አሜሪካዊ እየሰፋ ወጥቶ ሃልስዌልን እንዳያልፍ ዘጋው ብለው ዳኞቹ ጮኹ። በአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለው ነገር ያን ያህል አያስቀጣም ነበር፤ በእንግሊዝ ደንብ ግን ክልክል ነው። ውድድሩ ተሰረዘ፤ ካርፔንተር ተባረረ፤ በሁለተኛው ቀን በገመድ የተከፋፈለ መስመር ተሠርቶ ይደገም ተባለ። የቀሩት ሁለት አሜሪካኖች አንሮጥም አሉ። ሃልስዌል ብቻውን ወጣ፤ ብቻውን ሮጠ፤ ብቻውን ወርቅ አገኘ። በኦሊምፒክ ታሪክ ማንም ሳይወዳደረው የፍጻሜ ሩጫ አሸናፊ የሆነ ሯጭ እሱ ብቻ ነው። ሰውየው በዚህ ነገር ደስ አላለውም ይባላል፤ ብዙም ሳይቆይ ሩጫውን ተወ። በ1915 ፈረንሣይ አገር በጦር ሜዳ በአነጣጣሪ ተኳሽ ጥይት ሞተ።

በገመድ ጉተታ (አዎ፣ ያን ጊዜ ገመድ ጉተታ የኦሊምፒክ ስፖርት ነበር) የሊቨርፑል ፖሊሶች ከባድ ቦት ጫማቸውን አድርገው መጡ። አሜሪካኖቹ «ይኼማ ጫማ አይደለም» ብለው አቤት አሉ። ዳኛው ማን ነው? እንግሊዝ። ጫማው የፖሊስ የዘወትር ጫማ ነው ተባለና ታለፈ። በመጨረሻ ወርቁን የለንደን ከተማ ፖሊስ፣ ብሩን የሊቨርፑል ፖሊስ፣ ነሐሱን ሌላ የለንደን ፖሊስ ቡድን ወሰደ። በጠቅላላው ብሪታንያ 56 ወርቅ ሰበሰበች። እንዲህ ያለ ቁጥር ከዚያ ወዲህ አግኝታ አታውቅም። ደጋሹ የራሱን ድግስ በልቶ ጨረሰው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዳኝነቱ ለአስተናጋጁ አገር ብቻ መተዉ ቀረ።

ከዚያ ሁሉ ወርቅ ይልቅ ግን ሰው የሚያስታውሰው አንድ ወርቅ ያላገኘ ሰው ነው። ማራቶኑ የተጀመረው ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ነው። መነሻው የንጉሣውያኑ ልጆች በመስኮት እንዲያዩት፣ መድረሻው ደግሞ ንግሥቲቱ ከተቀመጡበት ሰገነት ፊት ለፊት እንዲሆን ተደርጎ ነው የተለካው ይባላል። እንደዚያ ሲሆን ርቀቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መጣ። ከዚያ በፊት ማራቶን ቁርጥ ያለ ርዝመት አልነበረውም፤ ወደ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነ ይበቃ ነበር። በ1921 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ይህንኑ የለንደኑን ርቀት ሕግ አድርጎ አጸደቀው።

በዚያ የጁላይ ሙቀት ስታዲየሙ ውስጥ አንደኛ ሆኖ የገባው ዶራንዶ ፒየትሪ የተባለ ኢጣሊያዊ የጣፋጭ ቤት ሠራተኛ ነበር። ራሱን ስቷል። ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ዞረ፤ መለሱት። ወደቀ፤ አነሡት። እንደገና ወደቀ። የመጨረሻዋን ሦስት መቶ ምናምን ሜትር ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀበት፤ መስመሩን ያለፈው ተደግፎ ነው። ስለተደገፈ ተሰረዘ፤ ወርቁ ለአሜሪካዊው ጆን ሄይስ ሆነ። ሄይስ የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ይኼንንም ልብ በሉ። በማግሥቱ ንግሥት አሌክሳንድራ ለፒየትሪ በወርቅ የተለበጠ የብር ዋንጫ ሰጡት። ሸርሎክ ሆምስን የፈጠረው ደራሲ ኮናን ዶይል በቦታው ሆኖ ለጋዜጣ ይዘግብ ስለነበር ለፒየትሪ ዳቦ መጋገሪያ መክፈቻ የሚሆን ገንዘብ አዋጣለት። እንግሊዝ ሌላውን ሁሉ ሲያሸንፍ የተጠላው ሕዝብ ለተሸነፈ ሰው ሲያለቅስ ተወደደ።

አንዳንድ ጊዜ ታሪክ ቀልድ የሚወድ ይመስለኛል። በእሳተ ገሞራና በገንዘብ እጦት ድግሷን ለለንደን ያስረከበችው ሮም ተራዋ የደረሳት ከ52 ዓመት በኋላ በ1960 ነው። ያ በእንግሊዝ ንጉሣውያን ሰገነት ልክ የተቆረጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በሮም ጎዳና ላይ ሲሮጥ ማን እንዳሸነፈው ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ቆሞበት በነበረው አደባባይ አልፎ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። የደጋሽ ኩራት የእንግዳ ኩራት ሲሆን እንዲህ ነው።

ሁለተኛው የለንደን ድግስ ለእኔ ከሦስቱ ሁሉ የሚበልጠው ነው። ጁላይ 29 ቀን 1948። ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ቢሆነውም አገሪቱ ገና አላገገመችም። ከተማዋ በቦምብ የፈረሰ ቤት ሞልቷታል። ምግብ በራሽን ነው፤ ዳቦ ከራሽን የወጣው ውድድሩ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ነው። በዚህ ሁኔታ ኦሊምፒክ ማዘጋጀት ዕብደት ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። እውነታቸውን ነው፤ ልጁ የሚበላው አጥቶ ሠርግ የሚደግስ አባት ምን ይባላል?

ግን ደገሱት። አዲስ ስታዲየም አልሠሩም፤ ዌምብሌይ በ1923 የተሠራ አሮጌ ነበር። የአትሌት መንደር የሚባል የለም፤ ወንዶቹ በአየር ኃይል ሠፈሮች፣ ሴቶቹ በኮሌጆች አደሩ። ፎጣችሁን ይዛችሁ ኑ ተባሉ። ወደ ስታዲየሙ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ ከሠራተኞቹ መካከል የጀርመን የጦር ምርኮኞች ነበሩበት። ለአትሌቶቹ የተፈቀደው ራሽን እንደ ወደብ ጫኝና እንደ ማዕድን ቆፋሪ ተቆጥሮ በቀን 5,467 ካሎሪ ነበር፤ ተራው ሕዝብ የሚያገኘው 2,600 ገደማ። ዴንማርኮች እንቁላል ላኩ፤ ሆላንዶች ፍራፍሬና አትክልት፤ ስዊሶች የጂምናስቲክ መሣሪያ። ይኼ ዕድር ነው እንጂ ኦሊምፒክ ነው? እያንዳንዱ ከቤቱ የያዘውን ይዞ መጣና ድግሱ ሞላ። ሁሉም ተደምሮ ወጪው ከሦስት አራተኛ ሚሊዮን ፓውንድ አልዘለለም፤ መጨረሻ ላይ 29 ሺህ ፓውንድ ገደማ ተረፋቸው። ከዚያ በኋላ ኦሊምፒክ ደግሶ «ተረፈኝ» ያለ ብዙ አልሰማንም።

ሁሉም ግን አልተጠራም። ጀርመንና ጃፓን አልተጋበዙም። ሶቭየት ኅብረት አልመጣችም። ኢትዮጵያም በዚያ ድግስ ላይ የለችም፤ እኛ ኦሊምፒክ የጀመርነው በ1956 በሜልቦርን ነው። በ1948 የበጋ ወራት ኦጋዴን ገና በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር። ከደጋሹ ጋር የነበረን ጉዳይ የሩጫ ሳይሆን የድንበር ነበር ማለት ነው።

በስፖርቱ ደጋሹ ሦስት ወርቅ ብቻ አገኘ፤ ሁለቱ በጀልባ ቀዘፋ፣ አንዱ በመርከብ። በሩጫ ምንም። ለጥቂት ቀናት ግን አንድ ወርቅ በእጃቸው ገብቶ ነበር። በአራት ጊዜ መቶ ሜትር ዱላ ቅብብል አሜሪካኖቹ ቀድመው ገቡ፤ ዳኞቹ ዱላውን ከክልል ውጭ ተቀባበላችሁ ብለው ሰረዟቸውና ወርቁ ለብሪታንያ ሆነ። ሕዝቡ በደስታ ጮኸ። ኋላ ግን ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ ቅብብሉ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ብሪታንያዎቹ ወርቁን መለሱ። በ1908 ቢሆን ኖሮ ይኼ ነገር እንዴት ያልቅ ነበር ብዬ ሳስብ እገረማለሁ። አርባ ዓመት ውስጥ ሁለት የዓለም ጦርነት አልፎበታል፤ ባለ ርስቱ ርስቱ ሲሸራረፍ ጠባዩ ለስልሶ ይሆን?

መሸራረፉንም በገዛ ሜዳው አየው። ኦገስት 12 ቀን በዌምብሌይ የሆኪ ፍጻሜ ሕንድና ብሪታንያ ገጠሙ። ሕንድ ነፃ ከወጣች ገና አንድ ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ይቀራታል። 4 ለ 0። የሕንዶቹ ባንዲራ በለንደን ሰማይ ላይ ወጣ። በ400 ሜትር ደግሞ (ያ ሃልስዌል ብቻውን የሮጠበት ርቀት) አርተር ዊንት የተባለ ረጅም ጃማይካዊ ወርቅ ወሰደ። ዊንት በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ነበር፤ ጃማይካ ገና ቅኝ ግዛት ናት፤ ለጃማይካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው።

ከዚያ በጋ ግን ዋናው ነገር ስታዲየሙ ውስጥ አልነበረም። እስቲ ቀኖቹን ልደርድራቸው። ጁን 22 ቀን ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለች መርከብ ከካሪቢያን ደሴቶች የተሳፈሩ መቶዎችን ይዛ ቲልበሪ ወደብ ደረሰች። ጁላይ 5 ቀን ማንም ታምሞ በነፃ የሚታከምበት ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ጁላይ 29 ቀን፣ ልክ ኦሊምፒኩ በዌምብሌይ በተከፈተበት ቀን፣ ስቶክ ማንዴቪል በተባለ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አከርካሪያቸው የተመታ 16 የቀድሞ ወታደሮች፣ ወንዶችና ሴቶች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቀስት ተወዳደሩ። ያዘጋጀው ከናዚዎች ሸሽቶ በ1939 እንግሊዝ የገባው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው። የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ ግቢ ነው የወጣው። በማግሥቱ ጁላይ 30 ቀን ደግሞ በቅኝ ግዛቶቹ የሚኖረውን ሁሉ ከለንደኑ ሰው ጋር እኩል ዜጋ የሚያደርገው ሕግ በንጉሡ ጸደቀ።

አምስት ሳምንት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ! ያን ጊዜ ግን ማንም «የምንኮራበት ይኼ ነው» አላለም። ጋዜጦቹ ስለ ዊንድረሽ የጻፉት «እነዚህን ሰዎች የት እናሳድራቸው» በሚል ጭንቀት ነበር።

በመካከሉ የ1966 የዓለም ዋንጫ አለ። እንግሊዝ በዌምብሌይ ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን የበላችበት፤ ዋንጫው ራሱ ከውድድሩ በፊት ተሰርቆ ፒክልስ የተባለ ውሻ ያገኘው። ሁለት ነገር ብቻ ልበልና ልለፍ። አንደኛ፣ የዚያን ቀን ፊልም ብታዩ የእንግሊዝ ደጋፊ የሚያውለበልበው ባንዲራ የእንግሊዝ አይደለም፤ የጠቅላላዋ ብሪታንያ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ፣ በዚያው ዌምብሌይ ቀይ መስቀል ያለበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ባንዲራ ሞላ። (ጊዮርጊስን ለብቻቸው የያዙት የመሰላቸው እንግሊዞች ናቸው፤ የእኛን አራዳ አላዩም።) ስኮትላንዱና ዌልሱ የየራሱን ሲያነሣ እንግሊዙም የራሱን ማንሣት ጀመረ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በ1966ቱ ዋንጫ ላይ አንድም የአፍሪካ አገር የለም። ለአፍሪካ አንዲት እንኳ የተረጋገጠ ቦታ አልተሰጠንም ብለው ሁሉም ቀርተው ነው። ያን አድማ ከመሩት አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከ1970 ጀምሮ አፍሪካ ቦታዋን አገኘች። በድግስ ላይ ሄዶ ከመብላት ይልቅ መቅረት የሚያስከብርበት ጊዜም አለ።

ወደ ሦስተኛው እንምጣ። ጁላይ 6 ቀን 2005 ሲንጋፖር ላይ ለንደን ፓሪስን 54 ለ 50 አሸነፈች። በትራፋልጋር አደባባይ የተሰበሰበው ሰው ዘለለ። በማግሥቱ ጠዋት በከተማዋ ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 52 ሰዎች ተገደሉ። ቦምቡን ያፈነዱት አራቱም በእንግሊዝ አገር ያደጉ ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሰባት ዓመታት በሙሉ «እኛ ማን ነን?» የሚል ጥያቄ ሳይነሣ ያለፈበት ቀን የለም። ወጪው 2.4 ቢሊዮን ፓውንድ ተብሎ ተጀምሮ በ2007 9.3 ቢሊዮን ገባ። በምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ፣ ለግንባታው ሲባል ነዋሪዎች ተነሡ። በመኖሪያ ፎቅ ጣሪያ ላይ የአየር መቃወሚያ ሚሳይል ተተከለ፤ ነዋሪዎቹ ከሰው ተረቱ። የጥበቃ ውል የወሰደው ድርጅት በቂ ሰው አላገኘሁም ሲል ወታደር ተጠራ። እንግሊዝ ማጉረምረም ይወዳል፤ ያን ሰሞን ግን ለማጉረምረሙ በቂ ምክንያት ነበረው።

ጁላይ 27 ማታ መክፈቻው መጣ። ያዘጋጀው የፊልም ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል ነው፤ የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ። (የ1908ቱን የማራቶን አሸናፊ አስታወሳችሁ?) ሰው የጠበቀው ንግሥቲቱንና የዘብ ሠልፉን ነበር። ንግሥቲቱማ ከጄምስ ቦንድ ጋር በሔሊኮፕተር መጡ፤ ይኼ ለሳቅ ነው። ቁም ነገሩ ሌላ ነበር። አረንጓዴው መስክ ተገፎ የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ከመሬት ወጡ፤ በጥላሸት የጠቆሩ ሠራተኞች ብረት አቅልጠው የኦሊምፒክን ቀለበት ቀጠቀጡ። ከመካከላቸው የዊንድረሽ ስደተኞች ሻንጣቸውን ይዘው ተራመዱ። ከዚያ የሆስፒታል አልጋዎች መጡ፤ እውነተኛ ነርሶችና ሐኪሞች ጨፈሩ፤ ሕፃናት አልጋው ላይ ዘለሉ። በዓለም ፊት በሆስፒታል አልጋ የሚኮራ አገር አይቼ አላውቅም ነበር። ስለ ግዛት አንድም የረባ ነገር አልተነሣም። የቦይል መክፈቻ የኮራው በ1908 አይደለም፤ በ1948 በጋ ነው።

ሁሉም አልወደደውም። አንድ የወግ አጥባቂ ፓርቲ የፓርላማ አባል «የግራ ዘመሞች የመድብለ ባህል ቆሻሻ» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ጽፎ ጉድ ተባለ። የሚበዛው ሕዝብ ግን አለቀሰ፤ ባልጠበቁት ነገር እንደተመሰገኑ ሰዎች።

ኦገስት 4 ቀን ቅዳሜ ማታ በሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሦስት ብሪታንያውያን ወርቅ ወሰዱ። ከጃማይካዊ አባት የተወለደችው ጄሲካ ኤኒስ፤ የርዝመት ዘላዩ ግሬግ ራዘርፎርድ፤ እና በልጅነቱ ከሶማሌ አገር የመጣው ሞ ፋራህ። ያን አሥር ሺህ ሜትር እኔም አዲስ አበባ ላይ በአንድ ካፌ ውስጥ ከሰው ጋር ተጨናንቄ ነው ያየሁት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ታሪኩ በቀለ ነሐስ፣ ቀነኒሳ አራተኛ። ካፌው ጸጥ አለ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ «የጎረቤታችን ልጅ እኮ ነው፤ እንግሊዝ አሳድጎ ወሰደው እንጂ» አሉ። አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ያሳደገ እኮ ነው አባት» አላቸው። ክርክሩ ካፌው እስኪዘጋ አላበቃም። ከዚያ በኋላ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ለሶማሊያ ብትሮጥ አትመርጥም ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ፋራህ አገሬ ይቺ ናት የሚል መልስ ነው የሰጠው።

ለእኛ ያቺ ሳምንት መጥፎ አልነበረችም። ጥሩነሽ በዋዜማው አሥር ሺውን ወስዳዋለች፤ በማግሥቱ ቲኪ ገላና በዝናብ ውስጥ ማራቶኑን አሸነፈች፤ ያንኑ 42 ከ195። መሠረት ደፋር በአምስት ሺህ ወርቅ ወስዳ ከማልያዋ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል አወጣች። የማራቶኑ መድረሻ በዚህ ጊዜ ስታዲየሙ ሳይሆን በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ደጃፍ ያለው ጎዳና ነበር፤ ርቀቱን የቆረጡት ንጉሣውያን ዛሬም አልራቁም።

ብሪታንያ 29 ወርቅ አግኝታ ሦስተኛ ወጣች። ከ1908 ወዲህ ያለው ትልቁ ውጤቷ ነው። በፓራሊምፒኩ ደግሞ ሰማንያ ሺህ ሰው ሜዳሊያ ሊሰጡ የወጡትን የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦስቦርንን በጩኸት ተቀበላቸው፤ መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን ድጎማ እየቆረጠ ነበርና። ከደጋሾቹ መሪዎች ይልቅ ደጋሹ ሕዝብ የጉትማንን ነገር የተረዳው ይመስለኛል።

አሁን የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። ያ መክፈቻ ከመታየቱ ሁለት ወር በፊት፣ በ2012 ሜይ ወር፣ የአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ቴሬሳ ሜይ ሕገ ወጥ ስደተኛ ኑሮ እንዳይመቸው እናደርጋለን ብለው ለጋዜጣ ተናግረው ነበር። በ2014 እና በ2016 ሕግ ወጣ። ቤት አከራዩ፣ ቀጣሪው፣ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ ሳይቀር ወረቀት እንዲጠይቅ ተደረገ። በ2018 ሲታይ ወጥመዱ ከያዛቸው መካከል በልጅነታቸው የመጡ የዊንድረሽ ዘመን ሰዎች ነበሩ። በ1948ቱ ሕግ ዜጋ ሆነው የገቡ፤ ማንም ወረቀት ያልሰጣቸው። ሥራ ያጡ፣ ሕክምና የተከለከሉ፣ ቢያንስ 83 ደግሞ ካገር የተባረሩ። ቴሬሳ ሜይ ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው፤ የተሰናበቱት በቦታቸው የተተኩት አምበር ረድ ናቸው። በስታዲየሙ ሻንጣ ይዘው የተጨበጨበላቸው ተዋንያን፣ በመሥሪያ ቤቱ በር ሻንጣ ይዘው የተመለሱት ባለቤቶቹ።

በ2014 ስኮትላንድ ልገንጠል አልገንጠል ብላ ድምፅ ሰጥታ 55 በመቶው ይቅርብን አለ። በ2016 ጠቅላላዋ ብሪታንያ 51.9 በመቶ በሆነ ድምፅ ከአውሮፓ ኅብረት ልውጣ ብላ ወሰነች። ያኔ ብዙ ሰው የ2012ቱን ማታ ሐሰት ነበር አለ። እኔ አልስማማም። የድግስ ቀን ሰው የሚለብሰው ልብስ የራሱ ነው፤ በየቀኑ አለመልበሱ የተውሶ አያደርገውም። ግን ደግሞ ልብሱን አይቶ ቤቱን ያመነ እንግዳ ቢያዝን አይፈረድበትም።

በ2022 ሞ ፋራህ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሞ ፋራህ አለመሆኑን ተናገረ። እውነተኛ ስሙ ሑሴን አብዲ ካሂን ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ በሌላ ልጅ ስም እንግሊዝ አገር በሕገ ወጥ መንገድ ገብቶ፣ በሰው ቤት ሕፃናት እየጠበቀ ቤት እያጸዳ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ያወጣው የስፖርት አስተማሪው ነው። ዜግነቱን ያገኘው በዚያ ባልሆነ ስም ስለነበር በሕጉ ሊነጠቅ ይችል ነበር። ሰር ሞ ተብሎ ማዕረግ ከተሰጠው አምስት ዓመት አልፎታል። የአገር ውስጥ ሚኒስቴር በእሱ ላይ ምንም እርምጃ እንደማይወስድ ወዲያው አስታወቀ።

በዚያ ካፌ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ ይኼን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም።